ከምስጋናው በኋላ

«ሕመሙን ከዜሮ እስከ አሥር ቢቆጥሩት ስንት ይሰጡታል፣ እማማ?» አለ ደሳለው ክፍሏን ከሚከፍለው ቺፑድ ማዶ። «ዜሮ ማለት ጭራሽ አያመኝም ማለት ነው። አሥር ማለት ደግሞ ከዚህ በላይ አልችልም ማለት ነው።»

«ኧረ ተመስገን!» አሉ ሴትዮዋ። «እሱ ይመስገን ልጄ። ይኸው በእግሬ መጥቼ የለም?»

«እንግዲያው ዜሮ ልበለው?»

«በለው። አንተ ያልከው ይሁን፤ የተማርከው አንተ።»

የእስክሪብቶው ጭረት ሳይቀር ቺፑዱን አልፎ ዓይናለም ጆሮ ገባ። ዓይናለም የዚህ ቢሮ አለቃ ናት፤ ዶክተር ዓይናለም፣ የአንጎል ስብ ተመራማሪ። ቢሮ ከተባለ ደብረ ታቦር ገበያ ዳር፣ ከአንድ ጨርቅ ሻጭ ሱቅ በላይ የተከራዩአት አንዲት ክፍል ናት። መሐሏን በቺፑድ ከፍለው ወዲህ ዶክተሯ፣ ወዲያ ደሳለውና የሚጠየቁት ሰዎች ይቀመጣሉ። ጥናቱ ጓያ ስለሰበራቸው ሰዎች ነው። በሰባ ሰባቱ ክፉ ዘመን ሌላ እህል ጠፍቶ ወር ከወር ጓያ ብቻ ሲበሉ ሰንብተው እግራቸው የታሰረባቸው፣ ዛሬም በምርኩዝ የሚሄዱ ሰዎች በየቀበሌው አሉ። ዓይናለም ከደማቸው ውስጥ የምትፈልገው ስብ ነው። ነርቭ እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስ አለው፤ ልባሱ ስብ ነው፤ ነርቩ ሲጎዳ የስቡ ፍርፋሪ ወደ ደም ይወርዳል። ይህንኑ አንድ ቀን ለቀበሌ ሰዎች ስታስረዳ፣ አንዱ «አንጎል ስብ ነው ካልሽማ የተማርሽው ቄራ ነዋ!» ብሎ ስብሰባውን በሳቅ አፈረሰው። ከዚያ ወዲህ የቢሮው ስም «የስብ ቢሮ» ሆኖ ቀረ። አሁን ደግሞ ጾም ስለገባ፣ ታች ያለው ባለ ሱቅ በወጣች በወረደች ቁጥር «ዶክተር፣ በሁዳዴም ስብ?» ይላታል። እሷም ትስቅለታለች። በቀን ውስጥ የምትስቀው ብዙውን ጊዜ ያችን ብቻ ነው።

እማማ አበበች ተነሡ። ዓይናለም በበሩ ክፍተት አየቻቸው፤ ከፋርጣ ገጠር ሳይነጋ ተነሥተው የመጡ፣ ስልሳን ያለፉ፣ በሁለት ምርኩዝ የሚሄዱ ሴት ናቸው። ደረጃው አሥራ አራት ነው። የመጀመሪያው ላይ ቆሙና የነጠላቸውን ጫፍ ሰብስበው አፋቸው ውስጥ ከትተው ነከሱት። እንዲያ እንደነከሱ አንድ በአንድ ወረዱ። ታች ሲደርሱ ነጠላውን ከአፋቸው አውጥተው አራገፉት፣ በወጉ ተከናነቡና ባለ ሱቁን «እንደምን አደርክ?» አሉት። ይህን ሁሉ ያየችው ዓይናለም ብቻ ናት። ደሳለው ቅጹን አምጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ አኖረላት፤ የሕመም መጠን ዜሮ ይላል። ደሳለው መጥፎ ልጅ አይደለም። ነርስ ነው፣ ሰው አክባሪ፣ ደም ሲቀዳ እጁ የማይከብድ። የተባለውን ጻፈ፣ በቃ።

ዓይናለምን ግን ከጠዋት ጀምሮ ሥራ ያስፈታት ነገር አለ። ደሙን ቤልጂየም ሆነው የሚመረምሩላት ፕሮፌሰር ኢሜይል ልከውላታል። እስከ ባለፈው ወር ከተጠየቁት መቶ አሥራ ስምንት ሰዎች ዘጠና ሰባቱ ዜሮ ብለዋል። የእነዚሁ የዘጠና ሰባቱ ደም ግን ዕድሜ ልኩን በሕመም የኖረ ሰው ደም ውስጥ በሚገኘው ስብ ተሞልቷል። አፋቸው ሌላ፣ ደማቸው ሌላ። ፕሮፌሰሩ ሲደመድሙ፣ ደሙ የታሸገበት በረዶ መንገድ ላይ ቀልጦ ደሙ ሳይበላሽ አልቀረም፣ ዘጠና ሰባቱን እንጣላቸውና በሃያ አንዱ እንቀጥል፣ ዛሬውኑ እሺ በይኝ ይላሉ። ነገሩ የወረቀት ብቻ ቢሆን ኖሮ እሺ ማለት ባልገደደ። ነገር ግን ጥናቱን ተከትሎ ከመስከረም ጀምሮ ሦስት ዓመት የሚዘልቅ ሕክምና አለ፤ መድኃኒት የሚሰጣቸው፣ እግራቸውን የሚያፍታታ ባለሙያ እቤታቸው ድረስ የሚሄድላቸው፣ ሕመማቸው ከአራት በላይ ለተመዘገበላቸው ሰዎች ነው። ዜሮ ያለ የለበትም። እማማ አበበች ነጠላቸውን እየነከሱ ሊኖሩ ነው ማለት ነው።

ዝርዝሩን ወደ ታች እያወረደች ስታይ ስልሳ አንድ ቁጥር ላይ ደረሰች። ወንድ፣ ዕድሜ ሃምሳ አንድ፣ ይፋግ፣ በሰባ ሰባት የተሰበረ፣ ሁለት ምርኩዝ፣ ሕመም ዜሮ። የደሙ ስብ ከሁሉም ይበልጣል። ቅጹ ላይ ስም አይጻፍም፤ ለእሷ ግን ስም አላስፈለጋትም። ጌጡ ነው፣ ታላቅ ወንድሟ። ተመራማሪ ዘመዱን አይጠይቅም የሚል ደንብ ስላለ የይፋጎቹን ሄዶ የጠየቃቸው ደሳለው ነው። እውነቱን እናውራ ከተባለ ደንቡ ተመችቷት ነበር። ተምራ ከተመለሰች ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች፣ ይፋግ ከደብረ ታቦር ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው፣ እሷ ግን ወንድሟ ቤት የገባችው የዛሬ ሁለት ዓመት ለጥምቀት ነው። እሑድ እሑድ በስልክ ይገናኛሉ። ደኅና ነህ? ተመስገን። አንቺስ? ተመስገን። እትዬ ውዴስ? ከብቶቹስ? ተመስገን፣ ተመስገን። ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ከዚያ ስልኩን ታስቀምጥና በኪራይ ቤቷ ውስጥ ራዲዮ ትከፍታለች፤ ዜናውን ፈልጋ ሳይሆን የሰው ድምፅ እንዲኖር ብላ ነው። እራቷን በአንዲት ሳህን ትበላለች፣ ሳህኗን ታጥባለች፣ በማግስቱም ያችኑ ሳህን ታወርዳለች። ጎረቤቶቿ ያከብሯታል፤ ዶክተር እያሉ መንገድ ይለቁላታል። ጠርቶ ቅመሺልኝ ያላት ግን የለም።

ኮምፒውተሯን ዘጋችና ደሳለውን «ዛሬ አልመለስም» አለችው። እስከ መናኸሪያ በባጃጅ አምስት ብር ከፈለች። ባዶ እጅ አይገባምና ሁለት ኪሎ ሙዝ በአርባ አራት ብር፣ ለጾሙ የሚሆን አንድ ኪሎ ምስር ደግሞ ዋጋውን ሳትከራከር ገዛች። ባለ ምስሩ አለመከራከሯን ታዝቦ ከመዘነላት ላይ አንድ ጭብጥ ጨመረላት። እስከ ወረታ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጡ ሴት ስለ ሽንኩርት ዋጋ ሲያወሩላት ቆዩና «ልጆች አሉሽ?» አሏት። የሉኝም አለች። ባልስ? የለኝም። ሴትዮዋ «እሱ ያውቃል» ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፤ እስከ ወረታ ድረስ ሽንኩርትም አልተነሣ። ወረታ ላይ መኪና ቀየረች። የፎገራ ሜዳ ደርቆ፣ መስኖ የደረሰበት ብቻ አረንጓዴ ሆኖ፣ በሩቁ ጣራ ገዳም ያለበት ጋራ በደኑ ጠቁሮ ይታያል። ይፋግ ስትቃረብ በየአውድማው የጓያ ክምር አየች። ዛሬም ይዘራል፤ ድርቅ አይበግረውም፣ ሽሮውም ይጣፍጣል ይባላል።

ክምሩን ስታይ ከሃያ ዓመት በፊት ያደረገችው ነገር ትዝ አላት፤ ያን ነገር ደግሞ ትዝ እንዲላት አትወድም። በልጅነቷ ቤት ውስጥ የሚወራው፣ ጌጡን የሰበረው የጓያ እንፋሎት ነው እየተባለ ነበር። ሲያርስ ውሎ ላቡ ሳይደርቅ ገባ፣ ድስቱ ተከፈተ፣ እንፋሎቱ እግሩ ላይ ነፋ። እናታቸው ይህን ለመጣ ለሄደው ሁሉ ትናገር ነበር። ዓይናለም የኮሌጅ ተማሪ ሆና ለክረምት ዕረፍት ስትመጣ፣ አዲስ እውቀት እንደ አዲስ ጫማ የሚያስኬዳት ጊዜ ነበርና፣ ሰው በተሰበሰበበት «እንፋሎት ሰው አይሰብርም። የሚሰብረው እህሉ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሲበላ» አለች። እናቷ የያዘችውን ሰፌድ አስቀምጣ ወደ ጓሮ ወጣች። ሦስት ወር ሙሉ ጓያውን እየጋገረች ጌጡን ያበላችው እሷ ናትና። ቤት ውስጥ የቀረችውን አንዲት ቁና ገብስ ደብቃ፣ በየጠዋቱ እፍኝ እፍኝ እየቆላች ለአምስት ዓመቷ ዓይናለም ትሰጥ የነበረችውም እሷ ናት። ያን ማታ ጌጡ እህቱን ለብቻዋ ጠርቶ «ከእንግዲህ በዚህ ቤት ስለ እግሬ አይወራ» አላት። እናታቸው ከሞተች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል፤ ስለ እግሩም እስካሁን አልተወራም።

ከአስፋልቱ ሃያ ደቂቃ በእግሯ ሄዳ ስትደርስ፣ የጌጡ ሚስት ውዴ እስከ ክርኗ ጭቃ ሆና ቤት ስትመርግ አገኘቻት። ለፋሲካ ቤቱ ይመረጋል፣ ይለቀለቃል፤ ደጃፉ ላይ ጭድ የገባበት ጭቃ ተቦክቶ ተቆልሏል። ውዴ ቀና ብላ አየቻትና ፊቷ ተለዋወጠ። በሥራ ቀን፣ ሳይነገር የመጣ ሰው የሚያመጣው መርዶ ነው።

«ዓይኔ! ምነው? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም እትዬ ውዴ። ልጠይቃችሁ ነው የመጣሁት።»

«ውይ፣ እሰይ! ልቤን አወረድሽው እኮ!» ጭቃው እንዳይነካት እጇን ወደ ኋላ አድርጋ በጉንጯ ሳመቻት። ጌጡ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ቅዳሴ ሳይወጣ አይመለስም። ዓይናለም ጫማዋን አውልቃ ጭቃ ማቀበል ጀመረች። ውዴ ኧረ ተይ፣ ልብስሽ ብትላት አልሰማች አለች። ውጪውን ጨርሰው ወደ ውስጥ ገቡ። ጌጡ የሚተኛበት መደብ ራስጌ ላይ፣ ተኝቶ እጅ ሲዘረጋ የሚደርስበት ቦታ፣ ግድግዳው ጎድጉዷል። አይጥ የቆፈረው እንዳይባል አፉ ሰፊ ነው፤ ዳር ዳሩ ለስልሶ እንጨቱ ድረስ ይታያል። ውዴ አንድ ትልቅ ድብልብል ጭቃ አንሥታ ከተተችበት፣ ሁለተኛ ጨመረች።

«ይቺ ቀዳዳ ጠግባ አታውቅም» አለች። «ለመስቀል እሞላታለሁ፣ ለፋሲካ እሞላታለሁ።»

«ምን ቆፍሮት ነው?»

ውዴ ለጊዜው ጭቃውን በመዳፏ መዳመጥ ያዘች። በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እጁ ነዋ» አለች። «ሌሊት እግሩን ሲይዘው ግድግዳውን ይጨብጣል። ድምፅ እንዳይወጣው። እኔ የተኛሁ እመስለዋለሁ፤ እሱም የተኛሁ ይመስለዋል። አደራ፣ ነገረችኝ እንዳትይ።»

ዓይናለም ጭቃው ገና ያልሞላበትን ቦታ በእጇ ነካችው። እጇ እስከ አንጓዋ ገባ። አምስቱ ጣቶች የት የት እንደሚያርፉ ተለይቶ ያስታውቃል። ዓመት ሙሉ ደም ቀድታ፣ በበረዶ አሽጋ፣ ባሕር ማዶ ልካ ያስለካችው ነገር እዚህ በውዴ ጭቃ ሲለካ ኖሯል። አፈረች። እትዬ ውዴ አትሙይው፣ ትንሽ ቆዪ አለቻት። ለምን እንደሆነ ውዴ አልጠየቀችም፤ እጇን ልትታጠብ ወጣች።

ጌጡ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ መጣ። ምርኩዞቹ ከእሱ ቀድመው ተሰሙ። በሩ ላይ እህቱን ሲያይ እሱም እንደ ሚስቱ ደነገጠ፣ እንደ ሚስቱ ተረጋጋ፣ ሳማት፣ ደግሞ ሳማት። «ከሳሽ» አላት። ውዴ ምሳ አቀረበች። ዓይናለም የሽሮውን ድስት ሳታስበው አየት ስታደርገው ውዴ አወቀችባትና «አይዞሽ፣ የባቄላ ነው» አለች። ጌጡ ፈገግ አለ። ከዚያ በኋላ ሦስቱም አጎንብሰው በሉ። ስለ ሙዙ ተመሰገነች፤ ምስሩ ስንት እንደገባ ተጠየቀች፣ ተወደደ ተባለ። ቤሩት ያለችው ልጃቸው ትዝታ ለፋሲካ እንደማትመጣ ተነገራት። ከዚያ የሚባል ነገር አለቀ። እነዚህ ሁለት የአንድ እናት ልጆች በዓለም ላይ ከእርስ በርሳቸው ሌላ ወንድምና እህት የላቸውም፤ ፊት ለፊት ተቀምጠው ግን የሚያወሩት አጡ። ውዴ ሁኔታውን አይታ እንስራዋን ይዛ ወጣች።

«አያ ጌጡ፣ ሕመሙ እንዴት ነው?»

«የምን ሕመም? ተመስገን ነው።»

ዓይናለም አፏ ላይ «ተመስገን» መጥቶ ነበር። በስልክ ቢሆን ኖሮ ብላው፣ ስለ ከብቶቹ ጠይቃ፣ ዘግታው ነበር። እማማ አበበችን አሰበች። ለዚህ አገር ሰው ምስጋና የጥያቄው መልስ እንዳልሆነ፣ ከመልሱ በፊት የሚቀድም እንደሆነ፣ ደሳለውም እሷም የዚሁ አገር ልጆች ሆነው ሳለ ቅጽ ሲይዙ ረስተውታል። ምስጋናው ላይ ጽፈው ይዘጋሉ፤ ሰዎቹም ካልተጠየቁ አይጨምሩም።

«እሺ፣ ይመስገን» አለች። «ከምስጋናው በኋላስ?»

ጌጡ ቀና ብሎ አያት። እሷም ዓይኗን ሳትነቅል ጠበቀችው። ዶሮዎቹ ደጃፉን አቋርጠው ሄዱ። መጠበቁ ሲረዝምባት ተነሥታ መደቡ ላይ ወጣችና እጇን ግድግዳው ውስጥ ከተተች። ጌጡ ያን ሲያይ ጆሮው ድረስ ቀላ። ሚስቱን ሊቆጣ ወደ በሩ ዞሮ ነበር፣ መለስ አለና ምርኩዞቹን ጉልበቱ ላይ አጋደማቸው።

«እናታችን ከዚህ ማዶ ነበር የምትተኛው» አለ ወደ ሌላኛው ግድግዳ በአገጩ እያሳየ። «ያን ክረምት አንቺ እህሉ ነው ካልሽ ወዲያ እንቅልፍ አልነበራትም። ሌሊቱን ሙሉ እኔን ስታዳምጥ ታድራለች። እህ ካልኩ ታለቅሳለች። እና ግድግዳውን ያዝኩ።»

«አጠፋሁ።»

«ምን አጠፋሽ? እውነትሽን ነው እንጂ።»

«አሁን እኮ የለችም፣ አያ ጌጡ። አሥራ አንድ ዓመቷ።»

«እኔማ ቀብሬያታለሁ። እጄ ግን አልሰማም» አለና ትንሽ ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ቀስ ብሎ ነገራት። ቀን ቀን አራት አምስት ቢሆን ነው። ሌሊት ሌሊት ስምንት ነው፤ ብርድ ሲሆን ዘጠኝም ይገባል። «ለዚያ ሊጠይቀኝ ለመጣው ልጅ ልነግረው ነበር። ኋላ ያንቺ ሰው ነው፣ ይነግርብኛል ብዬ ተውኩት። ስትማሪ የኖርሽው ለእኔ ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ይህን ሁሉ ተምረሽ ሕመሙ አልቀረልኝም ብልሽ ምን ይሰማሻል ብዬ።» ዓይናለም አለቀሰች። በየጠዋቱ ለእሷ ብቻ ይቆላላት የነበረው ገብስ ትዝ አላት። እሱ ግን ስለ ገብሱ አላነሣም፣ ወደፊትም አያነሣም።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲቃረብ ልሂድ አለች። አትምጣ፣ አትልፋ ብትለው «እንግዳ ሳይሸኝ?» ብሎ ተነሣ። ሃያ ደቂቃውን መንገድ አርባ ደቂቃ ፈጀባቸው፤ አረፍ ሲል እያረፈች፣ ሲነሣ እየተነሣች ሄደች። አስፋልቱ ዳር ካለው የድንጋይ ካብ ላይ ሲደርሱ ኔትወርክ መጣላትና ለፕሮፌሰሩ ጻፈች። ደሙ ደኅና ነው፣ በረዶውም አልቀለጠም፤ የተበላሸው ጥያቄያችን ነው። ዘጠና ሰባቱንም ቤታቸው ሄጄ ራሴ እጠይቃለሁ፣ አንዱንም አትጣሉ። ስልሳ አንድ ቁጥር ዘመዴ ነው፤ እሱን ሌላ ሰው ይጠይቀው፣ ግን ቁጭ ብሎ ይጠብቀው። ይህን ልካ ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። መልእክቱ ሲሄድ ትከሻዋ ቀለል አላት፤ ወዲያው ደግሞ የኪራይ ቤቷ፣ ራዲዮዋና ሳህኗ ትዝ አሏት።

«አንቺስ፣ ዓይኔ?» አለ ጌጡ። «እንዴት ነሽ፣ እዚያ?»

«ደኅና ነኝ። ተመስገን።»

ከወደ አዲስ ዘመን የመጣ ሚኒባስ ፍጥነቱን ቀንሶ አጠገባቸው ቆመ። ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ «ወረታ! ወረታ! አንድ ሰው! ከዚህ ወዲያ አታገኙም!» እያለ ይጮኻል። ዓይናለም ቦርሳዋን አነገተች። ጌጡ አልተሰናበታትም። ያን ሁሉ ጩኸት እንዳልሰማ ሆኖ፣ በምርኩዞቹ ላይ ደገፍ ብሎ፣ ቅድም እሷ እሱን እንዳየችው ያያታል።

«ይመስገን» አለ። «ከምስጋናው በኋላስ?»

ረዳቱን በእጇ ሂድ አለችው። ሚኒባሱ ሄደ። ካቡ ላይ ቁጭ አለች፤ ጥፍሮቿ ውስጥ የውዴ ጭቃ ደርቋል። ከየት እንደምትጀምር አላወቀችም፤ ሃያ ዓመት ማንም ጠይቋት ጠብቋት አያውቅም።

«ሰባት» አለች። «ማታ ማታ ስምንት።»

ጌጡ ምርኩዞቹን ካቡ ላይ አስደግፎ አጠገቧ ተቀመጠ፤ ግድግዳውን በሚይዝበት እጁ እጇን ያዘ።